የቤትን ሙቀት መጠበቅ፣ ደንንም መጠበቅ ነው

በደጋው የአገራችን ክፍል ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ውርጭም ይወርዳል። ብርዱን ለመከላከል የምናነደው እንጨትና ከሰል የሚገኘው በአካባቢያችን ካለው ዛፍ ነው። በሰሜኑ ደጋ ከተረፉት የአገር በቀል ደኖች ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኙ በመሆናቸው ጉዳዩ ሰበካ ጉባኤያትን በቀጥታ ይመለከታል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት እሳት ሳንጨምር የቤታችንን ሙቀት የምናቆይበትን መንገድ እንመለከታለን።

ሙቀት እንዴት ይባክናል?

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር አምቆ ስለሚይዝ ሙቀትን ያቆያል። ቆርቆሮ ግን ስስ ብረት በመሆኑ ቶሎ ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። ከዚህም ሌላ በግድግዳ ስንጥቅ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ክፍተትና በበር ሥር ነፋስ ይገባል።

በእጃችን ምን ልንሠራ እንችላለን?

1. ኮርኒስ፦ በቅድሚያ የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን። ከዚያም አቡጀዲ ወይም ታጥቦ የደረቀና የተሰፋ ከረጢት በመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ሥር ይወጠር። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይጋርዳል። እሳት በሚነድበት ክፍል ግን ቶሎ ስለሚቀጣጠል ፈጽሞ አይሠራ።

2. ግድግዳ፦ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ ለጥቂት ቀናት ይቆይ። ስንጥቁ በውኃ ከራሰ በኋላ ይመረግ። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል። ሥራው በበጋ ቢሆን ይመረጣል።

3. በርና መስኮት፦ አሮጌ ጨርቅ የተሞላ ረጅም ከረጢት ሌሊት በበሩ ሥር ይጋደም። መስኮት ቀን ፀሐይ እንዲገባበት ይከፈት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ።

4. ወለል፦ ሰሌን ወይም ጀንዲ ማንጠፍ ከመሬት የሚወጣውን ቅዝቃዜ ይቀንሳል።

ሕይወትን የሚመለከት ማሳሰቢያ

በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ፤ የማድ ቤት ጭስ መውጫም አይደፈን። ማብሰያና መኝታ አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ክፍተቶችን ከመድፈን በፊት ማድ ቤቱን መለየት ይቀድማል። እሳት ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

ሥራው በአረጋውያንና ረዳት በሌላቸው እናቶች ቤት እንዲጀመር እናሳስባለን። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በደቦ ቢወጡ ጭቃውም ምርጊቱም አይከብድም። የንስሐ አባቶች በየቤቱ ስለሚገቡ ስለ ከሰል አደጋው ለመምከር ከማንም ይልቅ የቀረቡ ናቸው።

ለውይይት

ሀ. በአጥቢያችን ኮርኒስ የሌላቸው የአረጋውያን ቤቶች የትኞቹ ናቸው?
ለ. ከመኝታ ክፍል ያልተለየ ማድ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች እነማን ናቸው? እንዴትስ እንርዳቸው?
ሐ. ከቤተ ክርስቲያናችን ደን የሚወሰደውን ማገዶ ለመቀነስ በዚህ በጋ ምን እንሠራለን?