ለአራስ ጥየቃ ምን ይዘን እንሂድ?



በአገራችን ልማድ አንዲት ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት ወደ ቤቷ ይጎርፋል። ባዶ እጁን የሚመጣውም ጥቂት ነው። በገጠር ዘመድ ያለው ቅቤና ማር፥ የከተማው ሰው እንቁላልና ዶሮ፥ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ብዙዎች የዱቄት ወተት፥ ጡጦና የታሸገ ማልት ይዘው ይመጣሉ። የልማዱን መልካምነት ማንም አይክደውም። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ግን ስጦታው ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ በአራሷ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ነው፤ በፍቅር የመጣ ነገር ሁሉ ጤናን ይዞ አይመጣምና።

የየካን ክፍለ ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። ከሾላ ገበያ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ሰው አየሩ እየቀዘቀዘ መሄዱን በገላው ያውቀዋል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ጠያቂው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው አራሷ እንዳይበርዳት ነው። አሳቡ ትክክል ሲሆን ጥፋቱ የሚመጣው በመፍትሔው ነው። አንዱ ጎረቤት ከሰል በማዳበሪያ አስጭኖ ይልካል፤ ሌላው ምድጃውን አቀጣጥሎ እመኝታዋ አጠገብ ያኖረዋል፤ ከዚያም ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል፥ የበሩም ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል።

በዚህ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ፥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። ምልክቱ በመጀመሪያ ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ ቀጥሎም ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። አራስ ግን ራስ ምታቷን በምጥ ድካም፥ የሕፃኑንም ዝምታ በደኅና እንቅልፍ ልትተረጉመው ትችላለች። «ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ በኋላ ጉዳት የለውም» የሚለው አነጋገር በከተማችን በብዙ ሰው አፍ ይሰማል፤ ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። የቀላው ፍም ራሱ መርዙን ያወጣልና። ስለዚህ ለአራስ ቤት ከሰል በስጦታ እንዳይላክ፥ ተልኮም እንደ ሆነ በውጭ ለምግብ ማብሰያ ብቻ እንዲውል አጥብቀን እንመክራለን። የቡናውም ምድጃ ከበሩ ውጭ ቢቆይ የቡናው ጣዕም አይጎድልም።

ሙቀት ለመስጠት የፈለገ ሰው ወደ ሽሮ ሜዳ ይውረድ። በእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚህ የሸማ ገበያ የሚገዛ ባለ አራት ድርብ ጋቢ ለእናቲቱ ከማናቸውም ምድጃ ይሻላል። አስቀድሞ ታጥቦ በፀሐይ ቢደርቅ መልካም ነው። ለሕፃኑ ግን ከባድ ጋቢ በፊቱ ላይ ሊደረብበት አይገባም፥ ሊታፈን ይችላልና፤ እግሮቹንም አጥብቆ መጠቅለል የዳሌውን መገጣጠሚያ ሊጎዳ ይችላል። ለእርሱ የሚስማማው ለስላሳ የጥጥ ልብስ፥ ቆብና የእግር ሹራብ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሞቀው የእናቱ ደረት ሲሆን፥ ልብሱ ተገልጦ ገላው በገላዋ ላይ ተኝቶ ሁለቱም በአንድነት ሲለበሱ፥ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እንኳ ሙቀቱን ይጠብቃል።

ስለ ምግብ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያውቁበታልና። ገንፎውም አጥሚቱም ጉልበት ይሰጣል፤ ተልባው የሆድ ድርቀትን ያቃልላል። እኛ የምንጨምረው በምጥ ጊዜ የፈሰሰውን ደም የሚተካ ነገር እንዲታከልበት ነው፤ ይኸውም ሥጋ፥ እንቁላል፥ ምስር፥ ጎመንና ብርቱካን ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ስለሚከለክሉ፥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተው ቢጠጡ ይመረጣል። የመጣው ቅቤና ማር ለእናቲቱ ይሁን። ለተወለደው ልጅ ቅቤ ማስዋጥ ጎጂ ልማድ ነው፤ ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ከስጦታዎች ሁሉ ይልቅ የምንፈራው የዱቄት ወተትንና ጡጦን ነው። ሰጪው ውድ ገንዘብ አውጥቶ ስለ ገዛው ተቀባይዋ ሳትጠቀምበት መቅረቱን እንደ ነውር ትቆጥረዋለች። ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ ባደረ ቁጥር ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ጡት ደግሞ ካልተጠባ ወተቱ እየደረቀ ይሄዳል። ጣሳው ባለቀ ጊዜ ቤተሰቡ ሌላ ለመግዛት አቅም ያጣና ዱቄቱን በውሃ እያቀጠነ ማጠጣት ይጀምራል፤ ውሃው ያልፈላ፥ ጡጦውም በሚገባ ያልታጠበ እንደ ሆነ ተቅማጥ ይከተላል። በስጦታ የተጀመረ ነገር የልጁን ሕይወት እስከ ማሳጣት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1973 ዓ.ም. የጡት ወተት ምትክ ምግቦች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁና ናሙናቸውም ለእናቶች በነፃ እንዳይታደል የሚከለክል ደንብ ያጸደቀው ይህን በማየት ነው። ሐኪም ስለ በሽታ ካላዘዘ በቀር ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫማ እንገርም በሽታን የሚከላከል ኀይል ያለበት ስለ ሆነ ታልቦ መደፋት የለበትም።

አሁን ደግሞ በሱቅ ወደማይሸጠው ስጦታ እንለፍ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ስታገኝ፥ ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ባልየው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ልብሱን ማን ያጥባል? ውሃ በተራ በሚደርስበት ሰፈር ጀሪካኑን ማን ይሞላል? ይህም ቢሆን ቀጣሪ ላላት ሴት ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ በመውረድ የምትኖር ሴት የሚከፈልበት ዕረፍት የላትም፤ ካልወጣች አትበላም። ሰውነቷ ሳይጠና ከባድ ሸክም ብትሸከም ግን ለማሕፀን መውረድ ልትጋለጥ ትችላለች። ለእንዲህ ያለችው እናት ጎረቤቶቿ ተባብረው የጥቂት ሳምንት እንጀራዋን ቢችሉላት፥ ውሃዋንም በየተራ ቢቀዱላት፥ ከዚህ የበለጠ አሳቢ ስጦታ እኛ አናውቅም።

መምህራን ባልደረባቸው ስትወልድ ገንዘብ አዋጥተው ትልቅ ኬክ ማስጋገር ከለመዱ ቆይተዋል። ኬኩን የሚበሉት ጠያቂዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን ስናስብ ፈገግ እንላለን። በዚያው ገንዘብ ሳሙና፥ የእጅ መታጠቢያ ሳህንና ንጹሕ ፎጣ ተገዝቶ በበሩ አጠገብ ቢቀመጥ፥ የሚገባው ሁሉ እጁን ሳይታጠብ ሕፃኑን አይነካም። ሀያ ሰው በአንድ ጊዜ ከሚገባም ሦስት ሦስት እየሆኑ በየተራ መሄድ ይሻላል። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ሰው ስጦታውን በሌላ ሰው ልኮ ራሱ እቤቱ ይቆይ፤ ሕፃኑን መሳምም ለማንም አይፈቀድ። አራሷም ለእንግዳ ቡና ለማፍላት ከአልጋዋ የምትነሣ ከሆነ ጥየቃው ሸክም ሆነባት ማለት ነው።

ጠያቂ ዐይኑን ከፍቶ መግባት አለበት። ለእናቶች ሕይወት እጅግ አስጊ የሆነው ጊዜ የመጀመሪያው ቀንና የመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሆነ፥ እናቲቱ ቢደክማትም ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የምርመራ ቀጠሮ እንድታከብር አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል። ብዙ ደም ቢፈስሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ቢይዛት፥ ቢያንቀጠቅጣት፥ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢታይባት፥ ወይም ሌት ተቀን የምታለቅስና ልጇን ማየት የማትሻ ብትሆን፥ «የአራስ ጠባይ ነው» ተብሎ መታለፍ አይገባም። ሕፃኑም አልጠባ ቢል፥ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ ገላው ቢግል ወይም ቢቀዘቅዝ፥ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ቢሆን፥ የእትብቱም ዙሪያ ቢቀላ ወይም መግል ቢይዝ፥ እስከ ነገ መጠበቅ የለም። በዚያን ጊዜ የመኪና ኪራይ የሚከፍል፥ ወይም በ907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ የሚጠራና እናትና ልጅን እስከ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጠያቂ በዚያ ቤት ይፈለጋል።