የሰውን አኳኋን የማስተዋል ችሎታ በምን ይመዘናል?

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ይዞት የነበረ አንድ ሰው ታክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ እንበል። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱ ቀርቶለታል፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስዳል። ነገር ግን ባልደረባው «ዛሬስ ሥራ በዝቶብኛል» ሲለው፥ ተነሥቶ በመሄድ ፈንታ ወንበሩን አስጠግቶ ጨዋታውን ይቀጥላል። ባልደረባው ፊቱን ቢያጠቁርም ልብ አይለውም። በዚህ ምክንያት ነውረኛ ተብሎ ይታማል፤ ውሎ አድሮም ወዳጅ ያጣል።

ይህ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ከፊት ገጽታ፥ ከድምፅ ቃናና ከአነጋገር የሌላውን ሰው ስሜትና አሳብ የመረዳት ችሎታ በዚህ ሕመም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይደክማል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ናቸው። መድኃኒቶቹ የሌለ ድምፅ መስማትንና ከእውነት የራቀ እምነትን ይቀንሳሉ እንጂ ይህን ድካም እምብዛም አያቃኑትም። ስለዚህ ሐኪሞች ችሎታውን በልምምድ ለማሻሻል ይሞክራሉ። የልምምዱ ጥቅም የሚታወቀው ግን በፊትና በኋላ ተለክቶ ነው፤ መለኪያው ራሱ የሚዋዥቅ ከሆነ ሐኪሙ በምን ይፈርዳል?

መምህራን ይህን ችግር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ዛሬ 80፥ ከሁለት ሳምንት በኋላም ምንም ሳይለወጥ 45 ቢያገኝ፥ የሚወቀሰው ተማሪው ሳይሆን ፈተናው ነው። እንዲሁም አንዱን ድርሰት ሁለት መምህራን አርመው ውጤቱ እጅግ ቢራራቅ፥ የተለካው የተማሪው ችሎታ ነው ወይስ የአራሚው ጠባይ? ፈተናው እጅግ ቀሎ ክፍሉ በሙሉ 100 ያገኘ እንደ ሆነም ጐበዙን ከደካማው መለየት አይቻልም።

ለሕመምተኞች ከተዘጋጁት መመዘኛዎች አንዱ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ሪያነን ኮርኮራንና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የፍንጭ ፈተና ነው። በውስጡ 10 አጫጭር ታሪኮች አሉ። አኳኋኑን ለማሳየት በራሳችን ምሳሌ እንግለጸው፤ እንግዳ ከመንገድ ገብቶ «የዛሬው ፀሐይ ጕሮሮ ያደርቃል» አለ። ምን ፈልጎ ነው? ተፈታኙ «ውሃ እንዲሰጡት» ብሎ ወዲያው ቢመልስ 2 ነጥብ ያገኛል። ካልገባው ግልጥ ያለ ሌላ ፍንጭ ይጨመርለታል፤ ያን ጊዜ ቢመልስ 1፥ አሁንም ቢሳነው 0 ይሆናል።

በአሜሪካ አገር ኤሚ ፒንክሃምና ባልደረቦቻቸው በ2016 ዓ. ም. ባሳተሙት ጥናት ስምንት መመዘኛዎችን ራሳቸውን መዘኗቸው። 179 ሕመምተኞችና 104 ጤነኞች ተፈተኑ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተደገሙ። በብልጫ የተገኙት የፍንጩ ፈተናና በተንቀሳቃሽ ሥዕል የአንድ ተዋናይን ስሜት የሚያስለየው ፈተና ናቸው። ይሁን እንጂ የፍንጩ ፈተና ለብዙ ጤነኞች ስለ ቀለላቸው አስተራረሙ ጠበቅ ተደረገ። በ2018 ዓ. ም. በወጣው ሁለተኛ ጥናት ሁለቱ ጸኑ፤ 40 የፊት ፎቶግራፎች የሚታዩበት ፈተናም ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረላቸው።

የሚያሳስበው ግን ይህ ነው። በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት፥ ማን አለቃ፥ ማን እኩያ፥ ማን ቤተ ዘመድ እንደ ሆነ መለየትን የሚለካው ፈተና በጥንቃቄ ብቻ እንዲሠራበት ከተባሉት አንዱ ሆነ። ተፈታኙ የሚመልሰው «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ነው፤ እንግዲህ ምንም ያልገባው ሰው እንኳ በግምት ብቻ ግማሹን ሊያገኝ ይችላል። በኑሮ ላይ አብዝቶ የሚያስቸግረው ጉድለት ለመለካትም አስቸጋሪ መሆኑ ያሳዝናል።

እነዚህ ፈተናዎች ለጥናት የተዘጋጁ ስለ ሆኑ መምህር በተማሪው፥ ጎረቤትም በጎረቤቱ ላይ እንዲፈርድባቸው አይደለም። ወደ አማርኛም ቃል በቃል ቢመለሱ አይረቡም። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ለሎንዶን ነዋሪ የረቀቀው ፍንጭ ገሃድ ንግግር ሊሆንበት ይችላል፤ ለሎንዶን ነዋሪ ግልጥ የሆነውም በእኛ ዘንድ ትርጕም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ታሪኮቹ እንደ አገሩ ልማድ እንደገና ተጽፈው፥ ለሕመምተኛው ከመቅረባቸው አስቀድሞ በዕድሜና በትምህርት እርሱን በሚመስሉ የአገሩ ጤነኞች ዘንድ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላም ተደግመው መሞከር አለባቸው።