ማሳሰቢያ፦ በጫሞ ሐይቅ ወደ አዞ ገበያ ለምትጓዙ

የኩልፎ ወንዝ ከጉጌ ተራሮች ወርዶ፣ የአርባ ምንጭን ደን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ሲገባ ያመጣውን ደለል እዚያው አፉ ላይ ያራግፋል። በደለሉ ላይ ሣሩ ይበቅላል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ አሳው ይረባል፣ አዞውም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል። አዞ ገበያ የሚባለው ይህ ቦታ ነው። ገበያተኞቹ አዞዎቹ ናቸው፤ እኛ እንግዶች ነን።

በጠዋት ተነሡ። ሐይቁ ጸጥ የሚለው ያኔ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ግን በዳርቻው ሣር መካከል በእግር አትሂዱ፤ ጉማሬ ሌሊቱን በየብስ ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው።

የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱ፣ ማሰሪያውንም አጥብቁ። «ዋና እችላለሁ» አትበሉ፤ አዞ ባለበት ውሃ ዋና መቻል ዋስትና አይሆንም። ለልጅ የሚሆን ጃኬት ከሌለ ልጁን ይዛችሁ አትሳፈሩ። ቢራም አትያዙ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ለፎቶ ብላችሁ ሁላችሁም ባንድ ጎን አትነሡ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በዚህ ጉዞ ላይ ከአዞው ይልቅ የሚያስፈራኝ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በልልን» የሚለው ልመና ነው። ጀልባ ነጂው ልኩን ያውቃል። ነገር ግን የዕለት እንጀራው በእናንተ እጅ ስለሆነ፣ ደጋግማችሁ ስትለምኑት እምቢ ማለት ይከብደዋል። አፉን ከፍቶ የተጋደመው አዞ ሙቀት እያስወጣ ነው እንጂ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጉማሬ ደግሞ ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ 5 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ የሚቆይ እንስሳ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሲጠልቅ ያያችሁት ከጀልባችሁ ሥር ሊወጣ ይችላል። በተለይ ግልገል ካላት ጉማሬ ራቁ።

ጉዳቱ በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። እናት አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ 3 ወር ያህል ትጠብቃለች። ጀልባ ሲጠጋት ግን ትታው ወደ ውሃ ትገባለች። ያን ጊዜ አርጃኖ መጥቶ ጎጆውን ይቆፍራል። እኛ ፎቶአችንን ይዘን ሄደናል፤ የሆነውን አናይም። ስለዚህ ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ አስጠግቶ ላሳያችሁ ሳይሆን በልኩ ርቆ ላስጎበኛችሁ ስጡ።

አትጩኹ፤ ሙዚቃ አትክፈቱ። አዞው ተኝቷል ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩበት፤ ምግብም አትጣሉለት። ጀልባና ምግብን አንድ ላይ የለመደ አዞ ነገ ታንኳ ላይ የተቀመጠውን አሳ አጥማጅ ይከተላል።

አሳ አጥማጆቹን አደራ። የሚሠሩት እኛ ከሩቅ በምናየው አደጋ መካከል ነው። ታንኳቸው ትንሽ ናት፤ ሞተር የሚያስነሳው ማዕበል ያናውጣታል። ስለዚህ አጠገባቸው ስትደርሱ ነጂው ፍጥነት እንዲቀንስ ጠይቁ። መረብ የተዘረጋበትን ዙሩ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ ፈቃድም ጠይቁ። ገና ያላደገ አሳ ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ።

ፌስታላችሁንና የሃይላንድ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አካባቢው ወባማ ቆላ ስለሆነ ማታ አጎበር አይቅርባችሁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጫሞ ይናወጣል። ያን ጊዜ ጉብኝቱ ገና ግማሽ ላይ ቢሆንም፣ ከፍለንበታል ብላችሁ አትከራከሩ። ነጂው «እንመለስ» ሲል እሺ በሉት።