የመልክ ተመሳሳይነትና የዝርያ ማንነት፦ የሎርድ ሃው ደሴት እንጨት መሰል ነፍሳት

ድራዮኮሴለስ አውስትራሊስ እንጨት መሰል ነፍሳት በሚጠቃለሉበት በፋስማቶዲያ ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባል። ክንፍ የለውም፤ እንስቷ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ የወንዱ የኋላ ታፋዎች የወፈሩና እሾሃማ ናቸው። የተፈጥሮ መኖሪያው ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የሎርድ ሃው ደሴት ነው።

ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1855 በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ሞንትሩዚየር ሲሆን፣ ድራዮኮሴለስ የተባለውን ወገን የመሠረተው ግን ጉርኒ በ1947 ነው። (የሞንትሩዚየር ስም ከዝርያው ስም ቀጥሎ በቅንፍ የሚጻፈው ይህን የወገን ለውጥ ለማመልከት ነው።) ግዙፍ አካሉና እሾሃማ እግሩ በኒው ጊኒ የሚኖረውን ዩሪካንታን እጅግ ስለሚመስል፣ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ የቅርብ ዘመዳሞች ተደርገው ተቆጥረዋል። በ2009 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን ይህን ምደባ አፈረሰው። መመሳሰሉ የመጣው ከጋራ ቅድመ አያት ሳይሆን ከተመሳሳይ አኗኗር ነው፤ ሁለቱም ቀን ቀን በዛፍ ቀዳዳና በመሬት ስንጥቅ እየተሸሸጉ ይኖራሉ። እዚህ ላይ የውጫዊ መልክ ማስረጃ ብቻውን አሳሳች ነበር።

ሁለተኛው የምደባ ጥያቄ ከዚህም የከበደ መዘዝ ነበረው። በ1918 ማካምቦ የተባለች መርከብ በደሴቱ ዳርቻ ከመሬት ጋር ስትጋጭ አይጦች ወደ የብስ ወጡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ነፍሳቱ ከደሴቱ ጠፉ። በ2001 ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በባሕር መካከል በቆመው በቦልስ ፒራሚድ ገደል ላይ፣ በጥቂት የሜላሉካ ቁጥቋጦዎች ሥር ተመሳሳይ ነፍሳት ተገኙ፤ ቀጥሎ በተደረገው ቆጠራ 24 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ በቤተ መዘክር ከተቀመጡት ናሙናዎች በመልክ መጠነኛ ልዩነት አሳዩ። የተለየ ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ የሎርድ ሃው ዝርያ ለዘለዓለም ጠፍቷል ማለት ነው፤ እነርሱን ወደ ደሴቱ መውሰድም ባዕድ ፍጡር ማስገባት እንጂ መመለስ አይባልም።

በ2017 የታተመ ጥናት የሁለቱን ዲ.ኤን.ኤ. ሲያነጻጽር የማይቶኮንድሪያው ልዩነት ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ በ2019 በደሴቱ የተጀመረው አይጦችን የማጥፋት ዘመቻ ለነፍሳቱ መመለስ መንገድ ይጠርጋል። የዝርያው ማንነት መረጋገጥ ግን የርቢውን ችግር አይፈታም፤ በ2003 ከገደሉ ከተወሰዱት ሁለት ጥንዶች አንደኛው ብዙም ሳይቆይ ሞቷል፤ በሜልበርን የአራዊት ማቆያ የተጀመረው ርቢም የተነሣው ከቀሪው ጥንድ ነው።