ላሜራም ያልበዋል

ልጄ፣ ያንን ዕቃ መጫኛ ፎርድ ትራንዚት አልጋና ምድጃ አስገብተህ ቤት ማድረግህ ደስ ብሎኛል። አሁን ደግሞ “መንገድ ላይ ይንጫጫል፣ የኮሎራዶ ተራራ ላይ ሲያድር ይበርዳል” ብለህ ግድግዳውን ልትፈታው ነው አሉ። እጅህ ለሥራ አይሰንፍም፤ ችኮላህን ግን አውቀዋለሁ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ካቻቪቴ ከማንሳትህ በፊት ይህን አንብብ።

1. ምን እንዳስቸገረህ ለይ። ጩኸት፣ ብርድና እርጥበት ለየብቻ ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አያድንም። ድምፅ ማፈኛ የሚባለው ባለ አሉሚኒየም ቡቲል ብርድ አይከላከልም፤ ሱፍና ፎምም የላሜራን መንቀጥቀጥ አያቆሙም። ብዙ ሰው አንዱን ገዝቶ ሦስቱንም ይጠብቃል፣ ከዚያ ዕቃውን ይረግማል።

2. ሳታዳምጥ አትግዛ። ጓደኛህ ይንዳ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ጆሮህን አቁም። በተሠራ ቫን ውስጥ ከላሜራው ይልቅ የላላ መሳቢያ፣ ቁም ሳጥንና ድስት ይብሳል። የላላውን አጥብቅ፣ እንጨትና ብረት የሚነካኩበት ቦታ ስስ ፎም አስገባ። ከዚያ የሚቀረው ጩኸት አብዛኛው ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ካለው የላሜራ ጉብታ ይመጣል፤ ሥራህን ከዚያ ጀምር።

3. ቡቲሉን በልክ ለጥፍ። ሰፊና ጠፍጣፋ ላሜራ እንደ ከበሮ ነው፤ መሐሉን ስትይዘው ዝም ይላል። ከ25 እስከ 50 በመቶ መሸፈን ይበቃዋል። ከለጠፍክ በኋላ በጣትህ አንኳኳው፤ መጮኹን ትቶ ድፍን ድምፅ ከሰጠህ ጨርሰሃል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡቲል በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ሙሉውን ልልበጠው ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መኪናው የሚችለው ክብደት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፎልሃል። ርካሽ ነው ብለህም የቤት ጣሪያ የሚለጠፍበትን ሬንጅ አታምጣ፤ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ይሸታል።

4. ሳታጸዳ አትለጥፍ። ዝገት ካለ ፍቀው፣ ፀረ ዝገት ቀባው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በአልኮል ወልውለህ ለጥፍና የአሉሚኒየሙ ቅርጽ እስኪደመሰስ በሩሎ ተጫነው። ቡቲል በብርድ ቀን አይይዝም፤ ሞቅ ያለ ቀን ጠብቅ። ዝገት ላይ የተለጠፈ ነገር ዝገቱን መሸሸግ እንጂ ማዳን አይችልም።

5. ከሁሉም በላይ ውሃን ፍራ። ሁለት ሰው ተኝቶ ሲያድር ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል። ምድጃህ ላይ 1 ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲነድ ደግሞ ከ1.6 ኪሎ ያላነሰ ውሃ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ላሜራ ሲያገኝ ጠብታ ይሆናል። ከግድግዳው ጀርባ ሲሆን አታየውም፤ የምታውቀው ዝገቱ ከውጭ ቀለሙን ሲያሳብጠው ነው። ስለዚህ ውሃ የማይመጥ ዕቃ ምረጥ። ፎም ከሆነ ክፍተት ሳትተው ላሜራው ላይ አጣብቀው። ቲንሱሌት የሚባለው ጥጥ መሰል ሰው ሠራሽ ዕቃ ከሆነ ጨፍልቀህ አታስገባው፤ የሚያሞቅህ በውስጡ የያዘው አየር ነው። የሚያብጥ ፎም ምሰሶ ውስጥ አትንፋ፤ ላሜራ ያጎብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። በበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም አትድፈን፤ የሠራቸው ሰው ሥራ ፈትቶ አይደለም።

6. የብረት አጥንቱን አትዝለል። ብረት ሙቀት የሚያሳልፈው ከፎም ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ሞልተህ አጥንቱን ባዶ ከተውከው ብርዱ በዚያው ይገባል፤ ግድግዳውን ከመመለስህ በፊት ስስ ፎም አልብሰው። መስኮቱንም ማታ ማታ ሸፍነው፤ ሙቀትህ ብዙ የሚሸሸው በመስታወት ነው። ሙቀት ይመልሳል እየተባለ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ወረቀትም ፊቱ ላይ የአየር ክፍተት ካላገኘ ጌጥ ነው።

7. ሽቦና ኤርባግ አክብር። የፕላስቲክ ሽቦ ስታይሮፎም ነክቶ ሲኖር ልባሱ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ በቱቦ አሳልፈው። ኤርባግ ያለበትን ምሰሶና የጣሪያ ጠርዝ በምንም አትሙላ፤ የሚፈነዳበት መንገድ ክፍት ይሁን።

8. መኪናውን ስትደፍን መተንፈሻውን አስብ። ቀዳዳ በደፈንክ ቁጥር የምድጃው ጭስ መውጫ ያጣል። ስታበስል የጣሪያውን ማራገቢያ ክፈት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም አልጋህ አጠገብ ስቀል። ቡና ላፍላ ብለህ ከሰል ውስጥ እንዳታስገባ፤ ጭሱ ቢያልቅም መርዙ አያልቅም፣ ሽታም የለው።

9. የምትዘጋውን እንደሚከፈት አድርገህ ዝጋ። ግድግዳውን በብሎን እሰረው እንጂ በማስቲሽ አትለጥፈው። አሁን ይህን ሁሉ የምታፈርሰው መጀመሪያ ስትሠራው ዳግም ይከፈታል ብለህ ስላላሰብክ ነው። ብርዱ ሲያበቃ ከታች አንዱን ሰሌዳ ፍታና እጅህን ስደድ። ደረቅ ከሆነ መልሰህ እሰር፤ እርጥብ ከሆነ ግን ከየት እንደመጣ ሳታውቅ እንዳትዘጋው።