«ደም አይፍሰስ» ያለው ማን ነው?

በዚህ ወር ለጥናት ያቀረብነው ጥያቄ ከመጻሕፍት መደርደሪያ አልመጣም። የመጣው ከራሳችን መድረክ ነው።

ባለፈው ሐምሌ 22 የአቡነ ጴጥሮስን መታሰቢያ ምክንያት በማድረግ አንድ አጭር ድራማ አዘጋጅተን ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚሁ ታሪክ ላይ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት እንደ ደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እርሱን ለመሥራት ዐቅሙ ስለሌለን የግማሽ ሰዓት የሆነች የራሳችንን ጻፍን። ሰዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በእስር ቤት ያሉት ጳጳስና በሌሊት ሊያግባባቸው የሚመጣ አስተርጓሚ፣ በግልጽ አነጋገር ባንዳ።

በቴሌቪዥን ሚያዝያ 27 ሲደርስ በምናያቸው ድራማዎች ባንዳ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሲስቅ ያስጠላል፤ ለነጩ ያጎነብሳል፤ አፉን ሳይከፍት እንጠላዋለን። አርበኛው ደግሞ ጎፈሬውን አጎፍሮ ብቅ ሲል ገና ሳይናገር እናጨበጭባለን። ሁለቱ ስለሚሉት ነገር ማሰብ አያስፈልገንም። የእኛ ባንዳ እንዲሆን የተመደበው ወንድማችን ግን «እንዲህ አድርጌ አልጫወትም» አለ። ቃሉንም ራሱ ጻፈው።

«አባታችን፣ ጦሩ ተፈትቷል፤ ንጉሡም የሉም። አሁን የሚሞተው ገበሬው ነው። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ስንት ቤት ሳይቃጠል ይቀራል! ጌታችን ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ ያለው ለማን ነው? ደም አይፍሰስ ይበሉ፤ ሌላ አልጠየቅንዎትም።»

ይህ በተነገረ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አየን። አንዲት እናት ሲጨርስ ቀርበው «ልጄ፣ ያ ልጅ የተናገረው ውሸት ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁን። የያዝነውን የሻማ ማስቀመጫ ይዘን ቆመን ቀረን። በዚያ ምሽት በፒያሳ በፖስታ ቤቱ በኩል ስንወርድ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. የሰላሌ አርበኞች አዲስ አበባን ሊያስለቅቁ በዘመቱ ጊዜ ጳጳሱ አብረው ነበሩ፤ ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ፤ እርሳቸውም ተይዘው በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ጠመንጃ አንሥተው ተኮሱ የሚል ታሪክ አልሰማንም፤ ነገር ግን የሚተኩሱትን ይባርኩ ነበር። ስለዚህ «ጦርነትን ሁሉ የሚቃወሙ ሰላማዊ ሰው» ብንላቸው ደስ ይበለን ብለን ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። በድራማችን የሰላም ቃል የተናገረው ባንዳው ነው እንጂ ጳጳሱ አልነበሩም። ችግሩም ይኸው ነው።

በዚያው በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር የተሾሙ አቡነ አብርሃም የሚባሉ አባት ነበሩ፤ የጎጃም ጳጳስ። በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያናችንን ከእስክንድርያ መንበር ለይተው ሊቀ ጳጳስ ሲያደርጓቸው ሹመቱን ተቀበሉ። እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ከአራቱ ሌላው አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገድለው ነበር። በአንድ ዓመት ከተቀቡ አራት አባቶች ሁለቱ በጥይት ሲያልፉ አንዱ በገዢው ወንበር ተቀመጡ ማለት ነው። እኛ ግን አቡነ አብርሃምን እንደ ቴሌቪዥኑ ባንዳ አናስቃቸውም። ጳጳስ ከሌለ ቄስ የሚሾም የለም፤ ቄስ ከሌለ ማን ይቀድሳል፣ ሕፃናቱን ማን ያጠምቃል? በዚያ ወንበር ያለ ሰው ይህን ማሰቡ አይቀርም። ክፉ ሐሳብ አይደለም። የወንድማችንም ባንዳ ክፉ ሐሳብ አልተናገረም።

ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው? እኛ እንዲህ አየነው። አስተርጓሚው ስለ ደም የተናገረው እውነት ነው፤ ዋስ የሆነለት ሰው ግን ውሸታም ነው። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሕይወታችሁ ይጠበቃል ተብለው በፍቼ ገቡ፤ እዚያው ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቁጥር 297 ናቸው፤ በኋላ የመረመሩ ሰዎች ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እነዚያ መነኮሳት በእጃቸው የነበረው መቋሚያና ዳዊት ነው። መግባትም አላዳነም፤ አለመዋጋትም አላዳነም። ሰላምን የሚሸጥ ሰው ሰላሙ በእጁ አለን? ይህን ጥያቄ ባንዳው እንዲመልስ በድራማችን ውስጥ አላስገባነውም ነበር፤ የእኛ ጉድለት ነው።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስም ሄድን። በማቴዎስ 5፡39 ጌታ ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር ያስተማረውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ዮሐንስ 18፡22-23 ላይ ግን ቆም በሉ። የሊቀ ካህናቱ ሎሌ በጥፊ በመታው ጊዜ ጌታ መልሶ አልመታም፤ ነገር ግን ዝም አላለም፤ ስለ ምን እንደ መታው ጠየቀው። አለመምታት አንድ ነገር ነው፤ የመታህን ሰው «ደግ አደረግህ» ማለት ሌላ ነው። ከአቡነ ጴጥሮስ የተፈለገው ይህ ሁለተኛው ነበር፤ ሕዝቡን ግዛ ብለው እንዲመክሩ። እንቢ ያሉትም እርሱን ነው።

እዚህ ላይ ብንጨርስ ደስ ባለን። ጥናቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተዘጋም። ከእኛ መካከል ቤተ ዘመዶቹ በዳባት ያሉ ወንድም አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት፣ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። አንዲት እኅታችን ወደ እርሱ እያየች «ሰው የሚያዞረው የራሱን ጉንጭ ነው፤ የልጁን ጉንጭ ማዞር አይችልም» አለች። ብዙዎቻችን ተስማማን። እርሱ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ይስማማል ስንል፣ «የሚገድል ሁሉ እኮ ስለ ልጄ ነው ይላል» ብሎ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ የለም።

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈርም በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ነው። ስለ ሰላም ሲሰብክ ኖሮ በመጨረሻ ሂትለርን ሊያስወግዱ ካሤሩት ጋር ገባ፤ በ1937 ዓ.ም. ሚያዝያ ተሰቀለ። ያደረገውን ጽድቅ ነው አላለም፤ ጥፋቱን በራሴ ላይ እወስዳለሁ በሚል ሐሳብ ነው የገባበት። የሚተኩሱትን የሚባርክ አባት ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ ከሆነና ያንን ዕዳ በገዛ ሕይወቱ ከከፈለ፣ ከቤቱ ተቀምጦ «ግፋ በለው» ከሚለው ጋር አንድ አናደርገውም። ይህን ያህል ለመናገር እንደፍራለን።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አገራችን ስለ ጎንደር። ፒያሳ ስሟ ጣሊያንኛ ነው፤ ፖስታ ቤቱንም ሲኒማውንም የሠሩት እነርሱ ናቸው። የኢጣሊያ ጦር በኢትዮጵያ በመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ነው፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ከዚያ አስቀድሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሕዝቡ በጠላቱ ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ዐውጀው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋ አርበኛ ይህን አዋጅ ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው አስቡት። ልጁ ተገድሎበት፣ ገዳዩ እጁን አንሥቶ ከፊቱ ቆሟል። ማንም ሳያስገድደው ጠመንጃውን የሚያወርደው በዚያች ሰዓት ነው፤ የባንዳው «ደም አይፍሰስ» እና የአዋጁ «ደም አይፍሰስ» ቃላቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ከተሸነፈው ሰው የሚጠየቅ፣ ሌላው ያሸነፈው ሰው የሚሰጠው ነው። በቴሌቪዥን ድራማ ይህን ሰዓት እስካሁን አላየንም፤ ፊልሙ ባንዲራው ሲሰቀል ያልቃል።

በመጪው ሐምሌ ድራማችንን እንደገና ለማሳየት አስበናል። ሁለቱ ወንድሞች ሚናቸውን ይለዋወጣሉ፤ ጳጳሱን የተጫወተው ባንዳውን ይጫወታል። ቃሉን ራሱ ይጻፍ ብለነው ከአሁኑ ጀምሯል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለቱንም ቀድዷቸዋል።