ቲነርና አኳራጅ በሱቅ ዋቂፍ፦ የአገር ቤት ልምድ ለዶሃ ሙቀት የማይበቃበት ምክንያትና የጥንቃቄ አሠራር

አዲስ አበባ ውስጥ በእንጨት ቀለም ሥራ የቆየ ሰው የአኳራጅንና የቤንዚንን ልዩነት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቤንዚን ብልጭታን ከሩቅ ይስባል፤ አኳራጅና ነጭ ጋዝ ግን ጨርቅ ወይም ክር ካላገኙ ቶሎ አይያያዙም። ዕውቀቱ ትክክል ነው፤ ግን የተገኘው በአዲስ አበባ አየር ውስጥ ነው። የሚነደው ከፈሳሹ ላይ የሚነሳው ተን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፈሳሽ በብልጭታ ለመያያዝ የሚበቃ ተን መስጠት የሚጀምርበት የራሱ የሙቀት መጠን አለው። ለነጭ ጋዝና ለተለመደው አኳራጅ ይህ መጠን ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ አየር እዚያ አይደርስም። ዶሃ ግን በሐምሌ ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር እንኳ 40 ዲግሪን ታልፋለች። አገር ቤት ጭምት የነበረው ፈሳሽ እዚህ ጠባዩን ይለውጣል ማለት ነው። ቲነርማ ድሮም ጭምት አይደለም፤ በውስጡ የሚገኘው ቶሉይን በ4 ዲግሪ፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ገደማ ተኑ ሊያያዝ ይችላል። የዚህ መመሪያ መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ ጥንቃቄው በፈሳሹ ስም ሳይሆን በዕለቱ ሙቀትና በሥራው ቦታ ይወሰን።

ቦታው የዶሃው ገበያ ሱቅ ዋቂፍ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ገበያው እ.ኤ.አ. በ2003 በእሳት ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ በቀድሞው የአሠራር ዘይቤ ታድሷል፤ ጭቃ ቀለም ልስን፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች። በአንዱ ሱቅ ዑድ የተባለው መዓዛማ እንጨት በፍም ላይ ይጤሳል፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ የሺሻ ከሰል ይቀላል፣ በሌላው ደግሞ ሽቶ ይሸጣል፤ የሽቶው አልኮልም በራሱ በ13 ዲግሪ ገደማ የሚያያዝ ተን የሚሰጥ ነው። እንግዲህ የአንዱን ሱቅ በር በቫርኒሽ የሚቀባ ወይም የወለል ሙጫ በቲነር የሚያጸዳ ሠራተኛ የሚያስበው ስለ ራሱ ክብሪት ብቻ ሊሆን አይችልም።

ደረጃ 1፦ ቆርቆሮውን ያንብቡ። ጽሑፉ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆንም ቀይ ጠርዝ ያለው ባለ እሳት ምልክት ቋንቋ አይፈልግም። ከአቅራቢው የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ወረቀቱ በ16 ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ተኑ የሚያያዝበት ሙቀት 9ኛው ክፍል ላይ ይገኛል። ያንን ቁጥር ከዕለቱ ሙቀት ጋር ያወዳድሩ። የዕለቱ ሙቀት ከደረሰበት ወይም ከተጠጋው፣ ፈሳሹን እንደ ቤንዚን ይያዙት። በውኃ የሚቀጥን ቀለም ሥራውን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው እሱን መጠቀም ነው።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ይምረጡ። ብዙዎቹ ሱቆች ቀትር ላይ ተዘግተው ወደ ማታ ስለሚከፈቱ፣ ገበያተኛ የሌለበት ያ ሰዓት ለቀለም ሥራ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን በቀኑ ከሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው፤ መዝጊያ ተዘግቶ ሲሠራ ደግሞ ተኑ መውጫ ያጣል። ኳታር ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ. አቆጣጠር) ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9፡30 ከቤት ውጭ መሥራትን የከለከለችው ሠራተኛውን ከሙቀት ጉዳት ለመጠበቅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለተጠራቀመ ተን መላ አይሆንም። ተመራጩ ሰዓት ማለዳ፣ ጎረቤት ፍም ሳያቀጣጥል ነው።

ደረጃ 3፦ መጠኑን ያሳንሱ፣ አየሩን ያንቀሳቅሱ። «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች?» የሚለው ተቃውሞ በቁጥር ይመለሳል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ሱቅ 36 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የቶሉይን ተን ከአየሩ 1.1 በመቶ ሲሆን መያያዝ ይችላል፤ ሱቁን በሙሉ እዚህ ለማድረስ 1.7 ሊትር ገደማ መትነን አለበት። ግን የቶሉይን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ፣ የአሴቶን ደግሞ ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከወለል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ንብርብር ብቻ ከተጠራቀመ 170 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ይህም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያስገቡ፣ ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ፣ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ። «ኤሲ አለ» ማለት መልስ አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ያንኑ አየር እያቀዘቀዘ ይመልሳል እንጂ ንጹሕ አየር አያስገባም። ተራ ቬንትሌተርም ሞተሩ ብልጭታ ሊሰጥ ስለሚችል ተኑ መሐል አይቀመጥም።

ደረጃ 4፦ ብልጭታን ያስወግዱ። ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት መሰኪያዎችን ይንቀሉ፣ ማቀዝቀዣ፣ የስልክ ቻርጀርና መሰርሰሪያን ጨምሮ። ተኑ በመተላለፊያው ወለል ተንሸራቶ ራቅ ካለ ፍም ጋር ሊገናኝና እሳቱን ወደ መነሻው ሊመልስ ስለሚችል፣ ለግራና ለቀኝ ጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ። ሲቀዱ ከብረት ዕቃ ወደ ብረት ዕቃ፣ ሁለቱን በሽቦ አገናኝተው፣ በዝግታ ይቅዱ፤ በፍጥነት የሚፈስ ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል፣ ፕላስቲክ ጀሪካን ደግሞ አያስወጣውም። ሥራውን ከጓዳ ጀምረው ወደ በሩ ይምጡ፤ እሳት ቢነሳ መውጫው ከጀርባዎ እንዲሆን።

ደረጃ 5፦ ሰውነትዎን ይሸፍኑ። የአቧራ ማስክ ተንን አያጣራም፤ ለኬሚካል ተን የተሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ናይትራይል ጓንት ለአኳራጅ ይሆናል፣ ለአሴቶን ግን ቶሎ ይበሳሳል፤ ለእሱ የቡቲል ጎማ ይሻላል። በአፍንጫዎ አይመኩ፤ ሽታውን ይለምደዋል። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማዎት ክዳኑን ገጥመው ወደ ውጭ ይውጡ። እጅን በቲነር መታጠብም ይቅር።

ደረጃ 6፦ ጨርቁንና ትርፉን ያስወግዱ። የተልባ ዘይት ባለበት ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ያለ ክብሪት በራሱ ሊግል ይችላል። ውኃ ባለበት ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። ትርፉን ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ አይድፉ፤ ተኑ በቱቦው ሄዶ የማያውቁት ቤት ይወጣል። በራሱ ቆርቆሮ መልሰው አደገኛ ቆሻሻ ለሚሰበስብ አካል ያስረክቡ።

ደረጃ 7፦ ነገር ቢበላሽ። ከፈሰሰ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፤ አሸዋ ይበትኑበት፣ ሰው ያስወጡ። ለእሳት ውኃ አይድፉ፤ አኳራጅና ቶሉይን በውኃ ላይ ተንሳፈው እሳቱን ያሰፉታል። ፎም ወይም ደረቅ ዱቄት ያለው ማጥፊያ አስቀድሞ በሩ አጠገብ ይቁም። እሳቱ ትንሽ ካልሆነ ወጥተው 999 ይደውሉ። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስ፤ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግበትም። ቲነር የዋጠን ሰው አያስታውኩ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የሚቀረው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታው ነው፤ «ስንት ዓመት እንዲህ ሠራን፣ ምን ሆነ?» መልሱ እነዚያ ዓመታት ተኑ አለመኖሩን ሳይሆን ብልጭታው አለመገናኘቱን ብቻ ማሳየታቸው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ጭሱ ቀድሞ ለሚታይ እሳት ነው። ተን ጭስ አያስቀድምም፤ የቅጠሉ ጊዜ ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት ያለው ብቻ ነው። ሥራው ካለቀም በኋላ ቅቡ እስኪደርቅ በሩ ክፍት ይቆይ፤ የዑዱ ፍም ከዚያ በፊት ወደ ሱቁ አይመለስ።